የመጠባበቂያው ልደት

ቀስ በል ልጄ... ምላጩን ማለቴ አይደለም፣ ወንበሩን ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲጋደም ልቤም አብሮ ይጋደማል። እንዲህ... ደግ። ምላጩ አዲስ ነው አይደል? አምንሃለሁ፣ ግን እስቲ ወረቀቱን እፊቴ ቅደደው። ጎሽ። ሰው ስለማላምን እንዳይመስልህ፤ ዕድሜ ሲገፋ ለሰው የሚቀረው ቆዳው ነው፣ እሱንም አስቆርጦ ቤት መግባት አያምርም።

እናትህ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ተመስገን። ደረጃ ላይ ግን እንዳይቸኩሉ ንገራቸው። ዝናቡስ ዛሬ ይይዝልን ይሆን? ጥላዬን አልያዝኩም... አይ፣ ይዣለሁ፣ በሩ ጋ ነው። ስገባ አይቼዋለሁ፣ አሁንም አየሁት።

ዛሬ እንዲያው ሳቅ ሳቅ ይለኛል። ከጠዋት ጀምሮ ነው። ሴት ልጄ ራሷ፣ «አባዬ፣ ሻይህ ውስጥ ምን ገባ?» አለችኝ። እሺ፣ እሺ፣ ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሳለ አልስቅም። ከንፈሬን ነክሼ እይዘዋለሁ።

እዚያኛው ወንበር ላይ የተጋደሙት ጌታ ማን ናቸው? ... ተወው፣ አትንገረኝ። ፊታቸው ላይ ትኩስ ፎጣ፣ አናታቸው ላይ ላስቲክ። ሰው እንዲህ ሲያርፍ ስሙ ባይጠራ ይመርጣል። ጥቁር ነው የቀባሃቸው? ደግ አደረግህ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማቅለሚያ ክፍል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የቀለም ነገር አታስተምረኝም። ጥቁር ችኮላ አይወድም። ሳይዝ ካጠቡት የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። እና ገና ብዙ ይቆያሉ በለኛ... እሰይ። ማለቴ፣ ይረፉ። ሥራ የሚበዛባቸው ሰው መሆናቸው ጫማቸው ይናገራል። አንተ መስታወት ባይኖርህ እኔ በዚያ ጫማ እያየሁ ጺሜን እላጭ ነበር።

ውጭ የቆመችውን ነጭ መኪናስ አየሃት? በሯ ላይ የሠራተኛ ማኅበራችን ዓርማ ያለባት መሰለኝ... ዓይኔ ደክሟል፣ ጭቃ ይሆናል።

ለምን እንደምላጭ ታውቃለህ? ዛሬ ከሰዓት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ጡረተኛውም ይጠራል፣ አዳራሹ ሙሉ እንዲመስል። እጅ ማውጣት አንችልም፣ ማጨብጨብ ግን አልተከለከልንም። ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ሌላም አንድ ነገር ይወሰናል። አንተ ከማኅበር ነገር ስለሌለህበት... ጺሜ እስኪያልቅ አንድ ጨዋታ ልንገርህ? የኛን አይደለም። የኛ ምን ጨዋታ አለው። የሌላ ማኅበር ነው፣ ሩቅ ነው፣ እኔም ሰው ነው የነገረኝ። ጌታው እንዳይረበሹ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ይሰማሃል? ... እሳቸውም ከሰሙ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ጆሮ ክዳን የለው።

አንድ ፋብሪካ ነበረ። እንደኛው ክር የሚፈትል፣ ጨርቅ የሚሸምን። ሠራተኞቹ ማኅበር ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር መጠባበቂያ ነው። ከደመወዝ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ፣ ለክፉ ቀን። ያኔ ባንክ የሚያምን አልነበረም፤ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ከተው፣ ተራ ገብተው ራስጌያቸው እያደረጉ ይተኙ ነበር። ቀለሙ በደንብ ስላልታጠበ ብሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ኋላ ነው ባንክ የገባው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ሰበሰቡ፣ ሰበሰቡ...

ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ገንዘቡ ይውጣ በተባለ ቁጥር ኮሚቴው በር ዘግቶ፣ «ይህ ክፉ ቀን ነው ወይ?» ብሎ ይመክራል። የመጋዘኑን ሠራተኛ ማሽን እጁን ያዘው። መከሩ። ክፉስ ክፉ ነው፣ ግን የአንድ ሰው ክፉ ነው አሉ። ደመወዝ ዘገየ። መከሩ። ክፉ ነው፣ ግን ከዚህ የከፋ ይመጣል አሉ። ይህን ካሉ በኋላ ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል። እኔ የማውቀው የባሰ አታምጣ ብሎ የሚለምን ሰው ነው፤ እነሱ ግን የባሰውን እንደ ሙሽራ ቁጭ ብለው ይጠብቁት ነበር። እየጠበቁ ጡረታ ወጡ። አንዳንዶቹም ሞቱ። ገንዘቡ ግን አደገ... ሰው የሚሞትለት ነገር ያድጋል።

ያ ሰው የመጣው ያኔ ነው። ወጣት፣ ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ ማር። ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡት። ልጄ፣ እንደሱ ገንዘብ የሚወድ ገንዘብ ያዥ ታይቶ አይታወቅም። ለማኅበሩ ማለቴ ነው። ሌላው ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ዘግቶ ቤቱ ሄዶ ይተኛል፤ እሱ እንቅልፍ አጣ። ሚስቱ፣ «ምን ሆነሃል?» ስትለው፣ «ያ ሁሉ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ብቻውን...» ብሎ ይተክዝ ነበር አሉ። አየህ አንጀት? ሰው ለዘመዱ እንዲህ አይራራም።

በየዓመቱ ጉባኤው ፊት ይቆምና፣ «አድጓል» ይላል። አዳራሹ ጭብጨባ በጭብጨባ። ያኔ የሚሰበሰቡት ምግብ አዳራሹ ውስጥ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ሊቀመንበር አደረጉት። ጭብጨባው ጣመው... ማንንስ አይጥመው? ግን ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነው። ሰዉ ለገንዘቡ ያጨበጭባል፣ ገንዘቡን ግን ያየው የለም። ላም አለን በባንክ፣ ወተቷንም አናይ። ተነሣና፣ «የማይታይ ኃይል ማንን ያስፈራል? አሠሪው ጥንካሬያችንን በዓይኑ ይይ» አለ። አሳማኝ ነው አይደል? እኔ ብሆን ያኔ እጄን አወጣ ነበር... የሚገርምህ፣ አወጣሁ መሰለኝ። ማለቴ፣ እዚያ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አወጡ አሉ።

ስለዚህ አዳራሽ ተሠራ። ምን የመሰለ። ወንበሩ መደገፊያው ከሰው ራስ ይበልጣል፤ ከኋላ ሆነህ ስታይ ሰው ያለ አይመስልህም። መጋረጃው ወፍራም፣ እስከ መሬት የሚወርድ። ድር ቢያብር ብዬህ አልነበር? ድሩ አበረ፣ አንበሳው ግን አልመጣ አለ፤ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ መጋረጃ ሆነ። ቀጥሎ መኪና ተገዛ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተሃል፤ የነዚህ እንቁላል በእግር መሄድ ናቀ፣ ጎማ አወጣ። መኪናዋ የማኅበሩ ናት፣ የማንም አይደለችም። ቁልፏ ብቻ ነው እሱ ኪስ የሚያድረው።

ክፉ ሰዎች፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ። በዚህ በኩል ሰውዬው የታደለ ነው። ቢሻር አንድም የሚቆጨው ነገር የለም። እንዲህ ቁጭት የሌለበት ሰው ስንት ታውቃለህ?

ደግሞ ሐሜት አልወድም፤ ይህን ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ፤ ሰውዬው ሌባ አይደለም። አንዲት ሳንቲም ቤቱ አልገባችም። ሌባ ቢሆንማ የሰረቀውን ከመደበቁ ብዛት ትንሽ ያስተርፍ ነበር።

ጉንጬን ሳብ አድርግልኝ፣ እዚያ ጋ ጺሙ ተንኮለኛ ነው። ጎሽ።

ከዚያ ምን አማረው መሰለህ? «መጠባበቂያችን ከተጀመረ ይህን ያህል ዓመት ሞላው፣ ልደቱ ይከበር» አለ። የማን ልደት? የገንዘቡ። ልጄ፣ ለገንዘብ ልደት ሲከበር ሰምተህ ታውቃለህ? እነሱ አከበሩ። ድንኳን ተተከለ፣ ሙዚቀኞች መጡ። ለእያንዳንዱ አባል ኮፍያ ተሠራለት፣ ግንባሩ ላይ «ለክፉ ቀን» የሚል። የምትበላው የላት የምትከናነበው አማራት እንዳትል፤ ኬክም ነበረ። ኬኩ የተሠራው በካዝና ቅርጽ ነው። መክፈቻው ከቸኮሌት፣ በሩ ከክሬም። ፊት ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ መሰለህ? የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ። እንዲፈራ ነው የተጠራው።

ሰውዬው ቢላዋውን ሲይዝ ልጁን እንደሚድር አባት ዓይኑ እንባ አቀረረ አሉ። ብቻውን መቁረጥ ከበደውና ሥራ አስኪያጁን ጠራው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ካዝናውን ከመሐሉ... ይቅርታ፣ ቆረጥኸኝ? የኔ ጥፋት ነው። አልስቅም ብዬህ ነበር። ጥጥ ያዝበት፣ ትንሽ ናት።

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው። ኬኩን እየጎረሰ፣ «ይህ አዳራሽ፣ መኪናው፣ ድግሱ... ይህን ሁሉ ከየት አመጣችሁት?» አለ። ሰውዬው ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ከመጠባበቂያችን ነዋ» አለ። «ሁሉንም?» «ሁሉንም።» ይህን ሲሰማ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። የዚያን ቀን እንደሱ ያጨበጨበ ሰው የለም አሉ። የሰውዬው ደስታ... ጆሮው ድረስ ቀላ። ዕድሜ ልኩን ያጨበጨበለት ወዛደር ነው፤ ይኸው ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ቆሞ አጨበጨበለት። የፈራ ሰው እንዲህ ያጨበጭባል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ። ሁሉም አፉ ውስጥ ኬክ ነበራ።

ኮፍያው ገና ሳይታጠብ ሽመና ክፍሉ ተዘጋ። ገበያ የለም፣ ቤታችሁ ቆዩ፣ ደመወዝም የለም ተባለ። ሸማኔዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ድሮ ቢሆን ሥራ አስኪያጁ እንዲህ አይደፍርም፤ ፈትሉም፣ ማቅለሚያውም አብሮ ማሽን ያቆምበታል፣ ሥራ ለፈታው ደግሞ መጠባበቂያው ቀለብ ይሰፍርለታል። አሁን ግን ኬኩን ቀምሶታል።

ኮሚቴው በሩን ዘጋ። «ይህ ክፉ ቀን ነው ወይ?» ተባለ። ማኅበሩ ከቆመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ፣ አዎ፣ ነው አሉ። ይኸው በመጨረሻ መጣ ብለው እፎይ ሳይሉ አልቀሩም። ባንክ ሄዱ። ባንኩ ለአገልግሎት ብሎ በየወሩ የሚቆርጣት ነገር ራሷ የምትቆረጥበት አጥታ፣ ሒሳቡ ውስጥ ጾሟን ተቀምጣለች።

ሰውዬው ግን አልደነገጠም። ሴቶቹን ሰበሰባቸውና፣ «እኅቶቼ፣ መጠባበቂያችሁ አልጠፋም። እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው። ገንዘብ ይሰረቃል፤ ከሲሚንቶ ማን ይሰርቃል? ተደገፉት» አለ። ተደገፉት። ምን ያድርጉ? አንዷ ሕፃን ታቅፋ መጥታ እዚያ ትልቁ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ማኅበር ለአባሉ ዕረፍት ካልሰጠ ምን ሊሰጥ ነው?

ከነዚያ ሴቶች አንዷ ልጆቿን ይዛ ሽማግሌ አባቷ ቤት ገባች። የኔዋን ታውቃታለህ አይደል? እሷን ማለቴ አይደለም፤ የኔዋም ሽመና ክፍል የነበረችው፣ እኔ ቤት የገባችውም በአጋጣሚ ነው። ይህቺ ሌላ ናት። ያን ቆርቆሮ ራስጌው አድርጎ ሲተኛ ከነበሩት አንዱ አባቷ ነው አሉ። ጡረታው ለራሱ ብቻ ነበር የሚበቃው፤ አሁን ለሁሉም አልበቃ አለ። ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ስላልተከፈለላቸው ቤት ውለው ኮፍያውን እየተቀማሙ ግቢ ይሮጣሉ። እናታቸው የሰው ልብስ ታጥባለች። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት እጇን ያያል። ድር ሲቀጥል እንኳ እንዲህ ያልቆሰለ እጅ... ተወው። ዛሬ ቀኑ የሳቅ ነው ብያለሁ።

ሴቶቹ መክረው አንድ ነገር ጠየቁ። አዳራሹ ይሸጥ፣ ሥራ እስኪከፈት በገንዘቡ እንኑር አሉ። ነጋዴ ነበረ፣ ለዕቃ መጋዘን የሚፈልገው። ሰውዬው በጣም አዘነ። «የራሳችሁን ንብረት እንዴት ትሸጣላችሁ?» አላቸው። መቼም የሰው አይሸጡ... ጉባኤው ይወስን ተባለ። ቀን ተቆረጠ። የሚገርምህ ነገር፣ የነሱም ጉባኤ ዛሬ ነው። እንደኛው፣ ከሰዓት።

ሰውዬው አርቆ አሳቢ ነው፣ እሱን አንክደውም። ሽመና ክፍሉ እንደተዘጋ አንድ ደንብ አጸድቆ ነበር፤ መዋጮ ያላሟላ አባል ድምፅ አይሰጥም የሚል። ለሥርዓት ብሎ ነው። ደመወዝ የሌላት ሴት መዋጮ ከየት ታመጣለች? ይህ ይህ አልታየውም፣ የዋህ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ዛሬ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይችላሉ፣ እጅ ማውጣት ግን አይችሉም። ሥራ ላይ ያለው ደግሞ አዳራሹን ይወደዋል። ሰውዬው ተረጋጋ። ጠዋት ቁርሱን በላና፣ ሲመረጥ ፎቶ መነሣት አይቀርምና ራሱን ሊያሰማምር የሆነ ቦታ ሄደ አሉ። የት እንደሄደ አልነገሩኝም።

ሳቄ የመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እስቲ ምላጩን አንዴ አንሣልኝ።

የዚያ ማኅበር ጡረተኞች ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት ይውላሉ። ፈሪ ሽማግሎች ናቸው። መንገድ ሲሻገሩ ወዲያም ወዲህም አይተው፣ እንደገና አይተው፣ አንዳንዴም ተመልሰው የሚቀመጡ። ትናንት አንዱ ከልማዱ፣ «ይህ ክፉ ቀን ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ልጄ... ከዚህ የከፋ ይመጣል የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

አንዱ ለጥርስ ያስቀመጠውን አወጣ። ጥርስ የሚያስፈልገው የሚታኘክ ሲኖር ነው አለ። አንዱ የመነጽሩን፣ አንዱ ከሚስቱ የደበቀውን። ሚስትህ አወቀች ወይ ብዬ ስጠይቀው... ማለቴ፣ ብለው ሲጠይቁት፣ እሷም ከሱ የደበቀችውን ጨምራበት ነው የመጣው። ዛሬ በጠዋት የማኅበሩ ቢሮ መስኮት ላይ ተሰለፉ። ጸሐፊዋ፣ «ሊቀመንበሩ የሉም» አለቻቸው። «ግድ የለም፣ እኛ ልንከፍል ነው የመጣነው።» ልክፈል ብሎ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? ያ ደንብ መዋጮ ይሟላ ይላል እንጂ ማን ለማን ይክፈል አይልም። የሸማኔዎቹን ሁሉ፣ ያንዲቷም ሳይቀር፣ ውዝፉን ጨምረው ከፈሉ። ጸሐፊዋ ማኅተሙን እየመታች ከንፈሯን ትነክስ ነበር፣ ልክ እንደኔ እንደ አሁኑ።

ሴቶቹ አሁን አዳራሹን ሞልተውታል ይላሉ። ሥራ ላይ ካሉት ይበልጣሉ። ወንበሩንም ለምደውታል። ለሊቀመንበርነትም ከራሳቸው አንዷን ሸማኔ አጭተዋል። ሰውዬው ብቻ ነው ያልሰማው። ከየትስ ይሰማል? የሆነ ቦታ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ...

ምነው፣ ጌታው ተንቀሳቀሱ? ያዛቸው ልጄ፣ ያዛቸው። ጌታዬ፣ ይረጋጉ፣ ቀለሙ አልያዘም። አሁን ቢነሡ ሕዝብ ፊት ዝገት መስለው ነው የሚቆሙት። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው... ያውቁታል እንዴ? አይመስለኝም። ፎጣው ቀዝቅዞባቸው ይሆናል፣ ሌላ ትኩስ አድርግላቸው። የጀመርከውንም ቀለም በደንብ ጨርስ፤ ግማሽ ራስ ጠቁሮ ግማሹ ከሚቀር አለመጀመር ይሻል ነበር።

እኔ ጨርሻለሁ። እስቲ መስታወቱን... ኧረ ደግ ላጭተኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ሴት ልጄ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ቀና ብላ ስታየኝ ጺሜን ያልተላጨሁ ሽማግሌ ሆኜ እንዳታገኘኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ሒሳብህን እንካ፣ መልሱን ተወው። ትርፍ አለኝ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ዛሬ መስጠት ለምዶብኝ ነው።

ጌታውን ፎጣው ስር ሳሉ ማነጋገር ነውር ነው። ፎጣውን ስታነሣላቸው ምርቃቴን አድርስልኝ። አንድ የማያውቁዎት ሽማግሌ እንዲህ ብለው መረቁዎት በላቸው... ፈጣሪ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ጤናውን ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው። በላባቸው ያፈሩትን ይባርክላቸው፣ ያጠራቀሙትን ያብዛላቸው። ክፉ ቀን የመጣባቸው እንደሆነ ደግሞ፣ የልጆቻቸውን ጉርሻ አደራ የሚሰጡት፣ ልክ እንደዚያ እንደነገርኩህ ሰው ያለ፣ አንዲት ሳንቲም የማይሰርቅ ታማኝ ጠባቂ አያሳጣቸው።